ማሲንቆ ለታመመ እግር ምን ይፈይዳል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በምሥራቅ ጎጃም፣ አማኑኤል አካባቢ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። በቀበሌዬ ዝሆኔ የያዛቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ለትምህርት ስንጠራ ግን የሚመጡት ጤነኞቹ ናቸው። ከወጣቶች ጋር ሆነን ዘፈንና አጭር ድራማ ለማዘጋጀት አስበን ሳለ አንድ አለቃዬ «ሳሙና ሳይኖር ማሲንቆ ምን ይሠራል?» አሉኝ። እውን ጥበብ ለጤና የሚጠቅመው ነገር አለ ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?

መልስ፦ አለቃዎ ያነሡት ነገር የሚናቅ አይደለምና ከእርሱ ልጀምር። ማሲንቆ ሳሙናን አይተካም። ዝሆኔ፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመመላለስ የሚመጣ እብጠት ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መከላከያው ጫማ ሲሆን፣ ሕክምናውም እግርን በየቀኑ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በሚገባ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ሲቀመጡ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በዚያው በእርስዎ ዞን 696 ሕሙማን የተካፈሉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህን እንክብካቤ ወዲያውኑ የጀመሩት ሰዎች፣ ቆይተው እንዲጀምሩ ከተደረጉት ይልቅ፣ እግርን እያቃጠለ አልጋ ላይ የሚጥለው ድንገተኛ ሕመም ቀንሶላቸዋል።

ይሁን እንጂ ለአለቃዎ ጥያቄ ግማሹ መልስ በራስዎ ደብዳቤ ውስጥ አለ፤ ሕሙማኑ አይመጡም ብለዋል። ሳሙናው ተገኝቶ ሰው ካልመጣ መጋዘን ውስጥ ይደርቃል። የማይመጡበትም ምክንያት ሩቅ አይደለም፦ «በዘራቸው ዝሆኔ አለ» እየተባለ ለልጃቸው የታሰበው ጋብቻ ይፈርሳል፣ ለቅሶ ቤት ሲገቡ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ገበያ ሲወጡ ቀሚሳቸው መሬት እስኪጠርግ ይረዝማል። ዘፈኑና ድራማው ሥራ የሚያገኙት እዚህ ላይ ነው።

ሥራውን ሊያበላሹት እንደሚችሉም ግን ልንገርዎ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ገበያ ዳር ወጣቶች ስለዚሁ በሽታ ድራማ ሲያሳዩ ቆሜ ተመልክቻለሁ። አንዱ ልጅ ግራ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በላዩ የማዳበሪያ ከረጢት አስሮ እየጎተተ ወጣ፤ ሕዝቡ ሳቀ፤ ልጁም ሳቁን ሲሰማ አካሄዱን አባሰው። ከኋላዬ ቁና ይዘው የቆሙ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ ታች ስበው እግራቸውን ሸፈኑና ድራማው ሳያልቅ ሄዱ። በመጨረሻ የተነገረው ምክር አንድም ስሕተት አልነበረበትም፤ የታሰበላቸው ሰው ግን አልሰሙትም።

ስለዚህ ግጥም ከመግጠማችሁ በፊት ሁለት ሦስት ሕሙማንን ቤታቸው ሄዳችሁ፣ ቡናም ካለ ቡና እየጠጣችሁ፣ ምን እንዲባልላቸውና ምን እንዳይባልባቸው እንደሚፈልጉ ጠይቁ። ፈቃደኛ የሆነ ከተገኘ እርሱ ራሱ አውጪ ይሁን፣ የቀረው ሕዝብ ተቀባይ። ዘፈናችን በአውጪና በተቀባይ የሚሄድ መሆኑ ለዚህ ሥራ የተሰፋ ያህል ይመቻል፤ በወንፈል አጨዳ ላይ እንደሚታየው፣ አንዱን ስንኝ ሃያ ጊዜ የተቀበለ ሰው፣ በስብሰባ ቢመክሩት የሚዘነጋውን ነገር በአፉ ይዞት ቤቱ ይገባል።

የዘርን ነገር አትሽሹት። በአፈሩ በቀላሉ የመጠቃት ዝንባሌ በቤተሰብ ሊወረስ እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል፤ ነገር ግን ያ ዝንባሌ ያለበት ልጅም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ ከበሽታው ሊጠበቅ ይችላል። «ዘር የሚባል ነገር የለበትም» ብሎ የሚክድ ግጥም ሦስት ታማሚ ያለበትን ቤት በሚያውቅ ጎረቤት ዘንድ ወዲያውኑ አመኔታ ያጣል፤ «ጫማ ዘርን ያሸንፋል» የሚል ግን ለልጇ ትዳር የምታፈላልገውን እናት ሳይቀር ያነጋግራል። ምክር በግጥም ውስጥ እንዴት ተሸፍኖ እንደሚገባ የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር ለሆነው ለጎጃም ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ስለሚሆን አልፈዋለሁ። ብቻ «እግራችሁን ታጠቡ» እያለ የሚያዝ ዘፈን ከድምፅ ማጉያ ማስታወቂያ አይሻልም።

አንድ ጊዜ ታይቶ ከሚያልቅ ትርኢትም ብዙ አይጠብቁ። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ድራማ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ያስተማረው በ257 ክፍሎች ነበር፤ አድማጩ ባለታሪኮቹ ሲሳሳቱም ሲመለሱም አብሯቸው ለመክረም ጊዜ ነበረው። የእናንተ አቅም ያን ያህል ባይሆንም፣ በየገበያው ቀን የአንዲት ቤተሰብ ታሪክ እየተቀጠለ ቢታይ ይቻላል። ዘፈኑ በሚያልቅበት ቦታ ላይ ደግሞ ውኃ፣ ሳፋና ሳሙና ተዘጋጅቶ ይቆይ፤ እግሩን ማሳጠብ የሚፈልግ ሰው ግን ከሕዝብ ዓይን ራቅ ብሎ የሚቀመጥበት መከለያ አይጥፋ።

አለቃዎ ወረቀት ከፈለጉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ3000 በላይ ጥናቶችን የቃኘ ዘገባ አውጥቶ፣ ጥበብ በሽታን በመከላከልም ሆነ ሕሙማንን በመንከባከብ ረገድ ድርሻ እንዳለው ገልጿል። የጥናቶቹ ጥንካሬ እኩል እንዳልሆነም ዘገባው አልደበቀም፤ እርስዎም አይደብቁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። እናቴ መሶብና ሙዳይ በማሳመር በመንደሩ የታወቀች ነበረች፤ አሁን ግን አለላና ስንደዶ ገዝቼ ባመጣላትም አትነካውም። ጥበብ ሐዘን ያስረሳል ሲባል ሰምቻለሁና ልጫናት? (ከሞጣ)

መልስ፦ አይጫኗቸው። «ያስረሳል» የሚለውንም ቃል ይተዉት። የአገራችን ለቅሶ ራሱ የሚያስታውስ እንጂ የሚያስረሳ አይደለም፤ አልቃሿ የሟቹን ስም፣ ሙያውን፣ የወዳጆቹን ብዛት እየጠራች ሙሾ ስታወጣ፣ ለቀስተኛው ብቻውን ሊያወጣው ያልቻለውን እንባ በእርሷ ግጥም ተደግፎ ያወጣዋል። ችግሩ ከአርባው በኋላ ሰው ሲበተን ሐዘኑ ቤት ውስጥ ብቻውን መቅረቱ ነው።

እንግዲህ ስፌቱን እንደ መድኃኒት ከሚሰጧቸው ይልቅ አጠገባቸው ተቀምጠው እርስዎ ራስዎ ወስፌውን ይያዙ፤ ይበላሽብዎ። ስፌት የማያውቅ ሰው አክርማውን ውኃ ሳያስነካ ሲሰፋ አይቶ ዝም ማለት ለባለሙያ እጅግ ከባድ ነው። (ይህን የምለው በእናቴ ፊት ሞክሬው ነው፤ ሙዳይ ልሆን ነው ብሎ የተነሣው ስፌቴ ከአንድ መዳፍ ሳይሰፋ ከእጄ ተነጠቀ።) ጎረቤት ሴቶችም እየመጡ አብረው ቢሰፉ መልካም ነው፤ ስለ ወንድምዎ ማውራት ከመጣም ወሬውን አይቀይሩ።

ነገር ግን እናትዎን እንቅልፍና ምግብ እየራቃቸው ከሄደ፣ ከአልጋ መነሣት ካቃታቸው ወይም መኖርን የሚጠላ ቃል ከተናገሩ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። ጸበል የሚሄዱ ከሆነም አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ አንዳንድ ወዳጆች ሆነን በሕክምና መጠበቂያ ቦታ አዝማሪ ለማምጣት እየተመካከርን ነው። ነውር ይሆን?

መልስ፦ ነውር የሚሆነው ሕሙማኑ ሳይጠየቁ ሲደረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ 26 ሙከራዎችን የመረመረ ግምገማ፣ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ሰዎች ሙዚቃ ሲያዳምጡ ጭንቀታቸው ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል። ይህ የተባለው ግን ስለ ዝግታና ስለ ማዳመጥ እንጂ ስለ ፉከራ አይደለምና፣ ማሲንቆው ያለ ከበሮ፣ ድንገተኛ ታማሚ ከሚገባበት ራቅ ብሎ፣ የጾሙም ወቅት ታይቶ ይሁን። የአዝማሪውን ዋጋ ደግሞ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ «ለበጎ ሥራ ነው» ተብሎ በነፃ የተጠራ ባለሙያ በሁለተኛው ሳምንት እንጀራው ወዳለበት ይሄዳል።