የሮም ሰረገላ ውድድር፦ የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ባለፈው ስለ ጥንታዊቷ ሮም ሰረገላ ውድድር ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄ በዝቶብኛል። ጥቂቶቹን እነሆ።

ጥያቄ፦ ውድድሩ የሚካሄደው ኮሎሲየም ውስጥ ነበር?

መልስ፦ አይደለም፣ በትልቁ የሰረገላ መወዳደሪያ ሜዳ፣ በሰርከስ ማክሲመስ ነው። ፊልም ቀንሱ።

ጥያቄ፦ ሴቶች ይገቡ ነበር?

መልስ፦ ይገቡ ነበር፤ ያውም ከወንዶች ጋር ተደባልቀው። በግላዲያተር ትርዒት ግን ላይኛው ጥግ ነው የሚቀመጡት። ገጣሚው ኦቪድ የሰረገላውን ሜዳ ለጠበሳ የተመቸ ቦታ ብሎ መክሯል።

ጥያቄ፦ ዲዮክልስ የሚባል ነጂ 15 ቢሊዮን ዶላር አግኝቷል የሚል ወሬ ያየ አንባቢ፣ «ከዛሬ ኳስ ተጫዋቾች ሁሉ ይበልጣል ማለት ነው?» ይላል።

መልስ፦ ዶላሩን እርሳው። ዲዮክልስ በ18 ዓመቱ ጀምሮ በ42 ዓመቱ አቆመ። መታሰቢያው ላይ የተቀረጸው ሒሳብ 4,257 ውድድር፣ 1,462 ድል እና 35,863,120 ሴስተርስ (የሮም ገንዘብ) ነው። ያኔ የአንድ እግረኛ ወታደር የዓመት ደሞዝ 1,200 ሴስተርስ ነበር። የ30 ሺህ ያህል ወታደሮች የዓመት ደሞዝ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ለመመንዘር የኢኮኖሚ ታሪክ ባለሙያ ጠይቅ።

እኔን የሚያናድደኝ ሁሉም ዲዮክልስን ብቻ ማውራቱ ነው። ቡድኖቹ የሚጠሩት በልብሳቸው ቀለም ነው፤ የሰማያዊውን ቡድን ነጂ ክሬስኬንስን ማን ያነሳዋል? የሰሜን አፍሪካ ልጅ ነው። በ13 ዓመቱ ጀመረ፣ 686 ጊዜ ተወዳደረ፣ 47 ጊዜ አሸነፈ፣ በ22 ዓመቱ ሞተ። ከነጂዎቹ ብዙዎቹ ባሪያዎች ወይም ነጻ የወጡ ባሪያዎች ነበሩ። የልጓሙን ጠፍር ወገባቸው ላይ ይጠመጥሙታል፤ አራት ፈረስ በክንድ ብቻ አይገታምና። ሰረገላው ከተገለበጠ በዚያው ጠፍር መጎተት ነው። ለዚህ ብለው ጩቤ ይታጠቃሉ። በደረትህ አሸዋ ላይ እየተጎተትክ፣ ከኋላህ ሌላ ሰረገላ እየመጣ፣ ጩቤ መዘህ ወገብህ ላይ ያለውን ጠፍር ቁረጥ! ሰባት ዙር፣ በየዙሩ ሁለት አደገኛ መታጠፊያ።

ተመልካቹስ? የሮሙ ጸሐፊ ታናሹ ፕሊኒ ታዝቦታል፦ ሕዝቡ የሚወደው ጨርቁን ነው፤ መሀል ላይ ነጂዎቹ ቀለም ቢለዋወጡ ደጋፊውም አብሮ ይገለበጣል ብሏል። ሰውዬው ትንሽ ይኮራል፣ ግን እዚህ ላይ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ የአክሱም ሐውልት እዚያ ሜዳ ላይ ቆሞ ነበር?

መልስ፦ ሜዳው ላይ ሳይሆን አጠገቡ፣ ፖርታ ካፔና አደባባይ። እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ በ2005 ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ቆመ። አውግስጦስም ከግብፅ ሐውልት አምጥቶ እዚያው ሜዳ መሀል ተክሎ ነበር። አመላቸው ነው።

ጥያቄ፦ ሮም የምትኖር እህታችን ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የተጠቀለለ የእርሳስ ብረት ገዝታለች። ልትዘረጋው ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ እጅሽን አንሺ! የድግምት ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ደጋፊዎች የተቃራኒ ቡድን ነጂና ፈረስ እንዲሞት እንዲህ ያለ ብረት ላይ ጽፈው ይቀብሩ ነበር። ቱኒዚያ የተገኘ አንዱ፣ የአረንጓዴውንና የነጩን ቡድን ፈረሶች አሠቃይተህ ግደል ብሎ ጋኔን ያዛል፤ ነጂዎቹንም በስም ይጠራል። አሮጌ እርሳስ ሲዘረጋ ይሰበራል፤ አቧራውም መርዝ ነው። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ከመሬት የወጣ ቅርስ የመንግሥት ነው። ነገ ዛሬ ሳትዪ ለከተማው ቅርስ ጥበቃ ቢሮ አሳውቂ። ይህን «ባለሙያ አማክሩ» ለወጉ ያልኩት እንዳይመስልሽ። ሻጩ ሐሰተኛ ዕቃ ሸጦልሽ ከሆነም የሚነግሩሽ እነሱው ናቸው።