ሒሳብ ክፍል ያለው ፖርት ለምን ይዘጋል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ የአይቲ ባለሙያ ነኝ። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ኮምፒውተሮቹን በኬብል የሚያገናኙት ስዊቾች ላይ ቢፒዲዩ ጋርድ አስገብቶ ሄዷል። አሁን ሒሳብ ክፍል ያለው አንድ ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ይዘጋብኛል። ሳበራው ሁለት ሦስት ቀን ይሠራና እንደገና ይዘጋል። አለቃዬ «አጥፊውና እንገላገል» ይሉኛል። ላጥፋው?

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም እንዳታጥፊው! ቢፒዲዩ ስዊቾች እርስ በርስ የሚላላኩት አጭር መልእክት ነው፤ ጋርዱ ደግሞ ይህ መልእክት የመጣበትን ፖርት ይዘጋል።

ከዓመታት በፊት የምሠራበት ቦታ፣ አንድ ሰው «ኮምፒውተር በተሰካ ቁጥር 30 ሰከንድ ያስጠብቃል» ብሎ ስፓኒንግ ትሪን፣ ማለትም ስዊቾች ሉፕ (ዞሮ የሚገጥም መስመር) እንዳይፈጠር የሚከላከሉበትን ሥርዓት፣ ከነጭራሹ አጥፍቶት ነበር። አንድ ቀን ጽዳት ላይ የነበረች እናት መሬት ላይ የወደቀ የኬብል ጫፍ አገኘች። በቅንነት ግድግዳው ላይ ሰካችው። ሌላው ጫፍም እዚያው ግድግዳ ላይ ነበር። የስዊቾቹ መብራቶች ሁሉ አንድ ላይ ይብለጨለጩ ጀመር፤ ሕንፃው በሙሉ ኔትወርክ አጣ። ኢተርኔት በሚባለው የኬብል ኔትወርክ ላይ የሚዞር ፍሬም (የመረጃ ጥቅል) ዕድሜው የሚያልቅበት ቆጣሪ የለውም። አንዴ ሉፕ ከገባ እየተባዛ ይዞራል። ኬብሉን እስክናገኘው ግማሽ ቀን ፈጀብን።

ያ የ30 ሰከንድ ጥበቃ ሁለት የ15 ሰከንድ ደረጃዎች ናቸው። መፍትሔው ፖርቱ ሳይጠብቅ ወዲያው እንዲሠራ የሚያደርገው ፖርትፋስት ነበር። ፖርትፋስት ያለበት ፖርት ደግሞ ያለ ቢፒዲዩ ጋርድ መተው የለበትም።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። ስዊች ቢፒዲዩ የሚልከው በየ2 ሰከንዱ ነው። ችግሩን የሚፈጥረው ዕቃ ሁልጊዜ የተሰካ ቢሆን ኖሮ ፖርቱ ባበራሽው ቅጽበት ይዘጋ ነበር። ሁለት ሦስት ቀን ከሠራ ግን አንድ ሰው አልፎ አልፎ የሚሰካው ነገር አለ። ርካሹ ትንሽ ስዊች አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ቢፒዲዩ አይልክም። ስለዚህ ወይ ስፓኒንግ ትሪ የሚያውቅ ሌላ ስዊች ይሰካል፣ ወይ ትንሹ ስዊች በሁለት ኬብል ግድግዳው ላይ ገብቶ የራስሽ ስዊች የላከው መልእክት ዞሮ ይመለስበታል። የኋለኛው ከሆነ አንዱ ፖርት ቀድሞ ሲዘጋ ሉፑ ይቋረጣል፤ ሌላው ምንም እንዳልሆነ መሥራቱን ይቀጥላል። ለዚህ ነው አንዱ ብቻ የሚዘጋብሽ።

ሎጉ (የስዊቹ የክስተት መዝገብ) ላይ ፖርቱ የተዘጋበትን ሰዓት እዪና በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ማን ምን እንደሚሠራ ጠይቂ። ከጠረጴዛ ሥር ያለውንም ኬብል አንድ በአንድ ተከተዪ።

አንድ ነገር ግን አደራ። በስም ተቀራራቢ የሆነ ቢፒዲዩ ፊልተር የሚባል አለ። በጋርዱ ፋንታ እሱን ፖርቱ ላይ ብታስገቢ ዝም ይላል፣ አለቃሽም ደስ ይላቸዋል። ግን ፖርቱ ቢፒዲዩ አይልክም፣ የመጣለትንም አይቀበልም። ሉፕ ሲፈጠር የሚያየው የለም።

ሒሳብ ክፍሎች ሶኬት አንሷቸው ከሆነ ደግሞ ሁለት መስመር ጨምሪላቸው። ወጪው ጥቂት ሜትር ኬብል ነው፤ አለቃሽን በዚህ ታሳምኛቸዋለሽ።