መሀሉ የደረቀ ጠጅ ሳር

ጥያቄ፦ ቢምቢ ያርቅልናል ብለን ከመስኮት ሥር ጠጅ ሳር ከተከልን 3 ዓመት ሆነን። አሁን መሀሉ ደርቆ ዳር ዳሩ ብቻ ያቆጠቁጣል፤ ቅጠሉም ቡናማ ሰንበር አወጣ። ቢምቢውም አልቀረ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ከቢምቢው ልጀምር። ጠጅ ሳር ደጅ ላይ ስለቆመ ብቻ ቢምቢ አያባርርም። ሽታው ያለው ቅጠሉ ውስጥ በተቋጠረው ዘይት ነው፤ የሚወጣውም ቅጠሉ ሲቆረጥ ወይም ሲታሽ ነው፣ ያውም ቶሎ ይተናል። ማምሻውን ጥቂት ቅጠል አሽቶ አጠገብ ማኖር ለጊዜው ያግዛል እንጂ አጎበርን አይተካም። እግረ መንገዳችሁን፣ ከተክሉ አጠገብ ውሃ ያቆረ ዕቃ ካለ በየሳምንቱ ድፉት፤ ቢምቢ የሚፈለፈለው እዚያ ነው።

መሀሉን ያደረቀው እርጅና ነው። አዲስ ቡቃያ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ስለሚወጣ የመሀሉ አሮጌ ክፍል በደረቅ ቅጠል ታፍኖ ይሞታል። ስለዚህ በየ2 ወይም 3 ዓመቱ መከፈል አለበት። ዝናብ ሲጀምር ቅጠሉን ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ እጨዱ (ጠርዙ እጅ ይቆርጣልና ጓንት አይጥፋ)፤ ከዚያ ሙሉውን በአካፋ ንቀሉ። ከዳር ዳሩ 2 ወይም 3 ቡቃያ ከነሥሩ የያዘ ግንጣይ ለዩና ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያገኝ፣ ውሃ በማይተኛበት ቦታ በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ትከሉ። የሚቀበረው ሥሩና 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የግንዱ ግርጌ ብቻ ነው፤ ጠልቆ የገባ ይበሰብሳል። መጀመሪያ የሚታጨደው ከ4 እስከ 6 ወር ቆይቶ፣ ሥር ከያዘ በኋላ ነው። ቀድሞ የታጨደ ይቀጭጫል።

ሰንበሩን በጣታችሁ እሹት። የዝገት መልክ ያለው ዱቄት ከነካችሁ ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው። የታመመውን ቅጠል ቆርጣችሁ አቃጥሉ፤ ከግንጣዩ ጋር ወደ አዲሱ ቦታ እንዳይሄድ። ውሃም ከላይ ሳይሆን ከሥሩ፣ ጠዋት ጠዋት ይጠጣ። ዱቄት ከሌለውና ጫፉ ብቻ ከደረቀ ግን ውሃ ጠምቶት ነው።

የታጨደውን ጤነኛ ቅጠል ጥላ ውስጥ አድርቁት፤ ፀሐይ ዘይቱን ያተንነዋል። ለጎመን ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ ለሚመጠው ጥቃቅን ተባይ) ደግሞ 100 ግራም እርጥብ ቅጠል ከትፋችሁ በ1 ሊትር የፈላ ውሃ ዘፍዝፉ፣ ከድናችሁ አሳድሩና አጥልሉት። 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩበት፤ እውነቱን ለመናገር ክሽክሹን በዋናነት የሚገድለው ሳሙናው ነው። መጀመሪያ 2 ወይም 3 ቅጠል ላይ ሞክሩት፤ በማግስቱ ካላቃጠለ ማምሻውን ከጎመኑ ቅጠል በታች በኩል እርጩ። ከ2 ቀን በላይ የቆየውን ድፉት፤ ይሸታል።