ደሞዝ የሌለው ማሊያ

የአንባቢያን የስፖርት ጥያቄዎች፣ ከደሴ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ አገር ናቸው፦ አየርላንድ። ልጆቻችን በስልካቸው ሀርሊንግ የሚባለውን የዱላ ኳስና በእጅም በእግርም የሚጫወቱትን ጌሊክ ፉትቦልን ያያሉ፤ እዚያ የሚኖሩትም ፎቶ ይልካሉ። እኔም ከማስተማር ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በደንብ የምከታተለው ስፖርት ስለሆነ በደስታ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጄ አየርላንድ ኮርክ የሚባል ቦታ ነው ያለው። ቀን መጋዘን ይሠራል፤ ማታ ማታ የመንደሩ ክለብ ውስጥ ያንን በዱላ የሚመታ ኳስ ይጫወታል። በቀደም «ዋንጫ በላን» ብሎ ፎቶ ላከልኝ። ደስ ብሎኝ «ስንት ከፈሉህ?» ስለው «እኔ ነኝ በዓመት የምከፍላቸው» አለኝ። እያታለሉት ይሆን? ዱላው ጭንቅላቱን ቢያገኘውስ? ፎቶውን ልኬልዎታለሁ።
እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሩ እናታለም። ማንም አላታለለውም።

በዚያ ጨዋታ ደሞዝ የሚበላ ተጫዋች የለም። የልጅዎ ክለብ ትንሽ ስለሆነ አይደለም። ዱብሊን ውስጥ ክሮክ ፓርክ የሚባል 82,300 ሰው የሚይዝ ስታዲየም አለ። የአገሪቱ ፍጻሜ ቀን ጢም ብሎ ይሞላል። እዚያ ሜዳ ላይ የሚገቡት ሰዎች መምህር ናቸው፣ ገበሬ ናቸው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። ለካውንቲ፣ ማለትም ለአውራጃ ቡድን የተመረጡት የትራንስፖርት ወጪያቸው ይሸፈናል፤ ከመንግሥትም አነስ ያለ ድጎማ ያገኛሉ። ደሞዝ ግን የለም።

እነዚህን ጨዋታዎች የሚመራው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1884 ነው። ተርልስ በምትባል ከተማ፣ ሄይስ በሚባል ሆቴል ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተሰበሰቡ። ዋናው ቀስቃሽ ማይክል ኩሳክ የሚባል መምህር ነበር። አየርላንድ ያኔ በእንግሊዝ ሥር ነበረች፤ የእንግሊዝ ጨዋታዎች እየገነኑ የአገሬው ጨዋታ እየተረሳ ነበር። እነዚህ ሰዎች ጨዋታውን በአጥቢያ አደራጁት። አንድ አጥቢያ፣ አንድ ክለብ። ዛሬም መሠረቱ ያው ነው።

እንዲገባዎት፣ ክለቡን እንደ ቅሬ፣ እንደ እድር ይዩት። ከቅሬ ደሞዝ የሚጠብቅ ሰው የለም፤ ያዋጣል እንጂ። የልጅዎ ክፍያም መዋጮ ነው። ሜዳው ይታጨድበታል፣ የልጆች ኳስና ዱላ ይገዛበታል፣ ሰው ሲጎዳ ለሕክምና የሚሆን ፈንድ ይገባበታል። ሣር የሚያጭደው፣ በር ላይ ትኬት የሚቆርጠው፣ ማሊያ የሚያጥበው፣ ሕፃናቱን የሚያሠለጥነው በነጻ ነው። የክለቡ ሰው ሲሞት ደግሞ አባላቱ ማሊያ ለብሰው ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይሸኙታል፤ ሬሳ ሳጥኑ ላይ ማሊያ የሚደረግበትም ጊዜ አለ። ልጅዎ ባዕድ አገር ላይ እንዲህ ያለ ቦታ አግኝቷል። እኔ ብሆን ኖሮ ደስ ነበር የሚለኝ።

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ነው። ማሊያው ላይ ስሙ የለም፤ ጀርባው ላይ 4 ቁጥር ብቻ አለ። እዚያ ቁጥር የሚሰጠው በቦታ ነው፦ 1 በረኛ፣ 4 የግራ ጥግ ተከላካይ፣ እያለ እስከ 15 ይሄዳል። ደረቱ ላይ የተጻፈው የአንድ ሱቅ ስም ነው፤ ማሊያውን የገዛላቸው የመንደሩ ነጋዴ መሆን አለበት። የዋንጫውን አንድ ጆሮ ልጅዎ ይዟል፣ ሌላውን አንድ ሽማግሌ። ያ ሽማግሌ ያለቀሰ ይመስለኛል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

ስለ ጭንቅላቱ ስጋት አይግባዎት ለማለት አልደፍርም፤ ፈጣን ጨዋታ ነው። ነገር ግን ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ ፊትን በብረት ፍርግርግ የሚከልል ሄልሜት ሳያደርጉ ሀርሊንግ መጫወት ክልክል ነው፤ ሕፃንም ይሁን አዋቂ። ፎቶው ላይ በግራ ብብቱ ያቀፈው እሱን ነው። ይልቅ ጣት ብዙ ጊዜ ይጎዳል። ሲደውልልዎ አንድ ነገር ይጠይቁት፦ የዘንድሮ አባልነቱን ከፍሎ ተመዝግቧል ወይ? ካልተመዘገበ ሲጎዳ ፈንዱ አይሸፍነውም።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ የላከልኝ የሀርሊንግ ውጤት 1-17 ለ 2-13 ይላል። እሱ «ሁለት ያገባው አሸነፈ» ይላል። ቪዲዮው ላይ ዋንጫ ያነሳው ግን ሌላው ነው። ደግሞስ የካውንቲ ሻምፒዮን ማለት የአገሪቱ ሻምፒዮን ማለት ነው?
ከሆጤ፣ ደሴ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቪዲዮው ልክ ነው። ግቡን ልብ ብለህ እየው፤ ሁለቱ ቋሚዎች ከአግዳሚው በላይ ወደ ሰማይ ይቀጥላሉ። ኳሷ ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ ከገባች ግብ ናት፤ ግብ ደግሞ 3 ነጥብ ነው። ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መሀል ካለፈች 1 ነጥብ። የመጀመሪያው ቁጥር ግቡ ነው፣ ሁለተኛው ነጥቡ። ስለዚህ 1-17 ማለት 20 ነው፤ 2-13 ደግሞ 19። በአንዲት ነጥብ ተበሉ። ከግቡ አጠገብ ነጭ ካፖርት የለበሱ ሰዎች ታያለህ። ለግብ አረንጓዴ ባንዲራ፣ ለነጥብ ነጭ ባንዲራ ያነሳሉ። በጌሊክ ፉትቦል ከእ.ኤ.አ. 2025 ጀምሮ አንድ ነገር ተጨምሯል፤ ከ40 ሜትሩ ቅስት ውጪ ተመትታ ከአግዳሚው በላይ ያለፈች ኳስ 2 ነጥብ ታሰጣለች።

የካውንቲ ሻምፒዮን የአገሪቱ ሻምፒዮን አይደለም። ካውንቲ ማለት በድሮው አጠራራችን አውራጃ በለው። በደሴቲቱ ላይ 32 አሉ። እያንዳንዱ ካውንቲ የራሱን ክለቦች ያወዳድራል፤ በየደረጃው፦ ሲኒየር፣ ኢንተርሚዲየት፣ ጁኒየር። ጁኒየር ሲባል የልጆች እንዳይመስልህ፤ የደረጃ ስም ነው፣ የአርባ ዓመት ሰው ይጫወትበታል። ከታች ያሸነፈ ይወጣል፣ ከላይ የደከመ ይወርዳል።

የዓመቱ ዑደት እንዲህ ነው። እስከ ሐምሌ ድረስ ተመራጮቹ ለካውንቲያቸው ይሰለፋሉ። ከዚያ ሁሉም ወደየሰፈሩ ክለብ ይመለሳል። የካውንቲ ፍጻሜዎች አብዛኞቹ ጥቅምት ላይ ይደረጋሉ። ያሸነፈው ክለብ በኅዳርና በታኅሣሥ ከአራቱ ክፍላተ አገር፣ ከሌንስተር፣ ከመንስተር፣ ከኮናክት ወይም ከአልስተር፣ የአንዱ ሻምፒዮን ለመሆን ይፋለማል። የመጨረሻው ፍጻሜ እኛ ጥምቀትን በምናከብርበት ሰሞን ክሮክ ፓርክ ላይ ነው። ኪልኬኒ ውስጥ ባሊሄል ሻምሮክስ የሚባል የትንሽ መንደር ክለብ አለ፤ ይህን የአገር አቀፍ የሀርሊንግ ዋንጫ 9 ጊዜ ወስዷል። ከተማውን ሁሉ እያስከተለ ማለት ነው።

ለአብዛኛው ክለብ ግን የዕድሜ ልክ ሕልሙ ካውንቲው ነው። ምክንያቱም የምታሸንፈው አብሮህ የተማረውን፣ ገበያ ላይ የሚያገኝህን፣ እህትህን ያገባውን የጎረቤት አጥቢያ ሰው ነው። ዓመቱን ሙሉ ትሰማዋለህ፤ ወይ ታሰማዋለህ።

አንድ ክለብ ሳልጠቅስልህ አላልፍም። ቲፐራሪ ውስጥ ላክሞር-ካስትላይኒ ይባላል። የገጠር አጥቢያ ነው። ሰው ስለሚያንሳቸው ያው ልጆች ሁለቱንም ጨዋታ ይጫወታሉ። በዚህ ሳምንት ዱላ ይይዛሉ፣ በሚቀጥለው ትልቁን ኳስ። ሌላው ክለብ ሲያርፍ እነሱ አያርፉም። በእ.ኤ.አ. 2013 የካውንቲውን የሀርሊንግም የፉትቦልም ዋንጫ በአንድ ዓመት ወሰዱ። ሰው «ዕድል ነው» ሳይል አልቀረም። በእ.ኤ.አ. 2021 ደገሙት። ሆጤ ሜዳ ላይ ቋሚው ስር ቁጭ ብሎ «ልጅ የለንም» የሚል አሠልጣኝ ካለህ ይህን አሳየው።

ጥያቄ፦ ቡና ላይ ተከራክረን ነው። ሀርሊንግ የኛው ገና አይደለም እንዴ? ከኛ ሄዶ ነው የሚሉ አሉ።
ከፒያሳ፣ ደሴ

መልስ፦ መመሳሰሉ እውነት ነው፤ ሄደ የሚያሰኝ ነገር ግን የለም። ቆልማማ ዱላና ኳስ ብዙ ሕዝብ በየፊናው ያገኘው ጨዋታ ነው። አይሪሾቹ በጣም ጥንታዊ ታሪክ አላቸው፤ ዩኔስኮም በእ.ኤ.አ. 2018 ሀርሊንግን በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

የሚገርመኝ ዱላው ነው። የእነሱ የሚሠራው አሽ ከሚባል ዛፍ ግርጌ ነው፤ ግንዱ ወደ ሥሩ ሲሰፋ ከሚታጠፍበት ቦታ ይቆረጣል። የእንጨቱ መስመር ከዱላው ጋር አብሮ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ሲመታ በቀላሉ አይሰነጠቅም። እኛም ልጅ ሆነን ለገና የምንፈልገው ጫፉ በተፈጥሮው የቆለመመ ወይራ ነበር። አሽና ወይራ በዕፅዋት ተመራማሪዎች አመዳደብ የአንድ ቤተሰብ ዛፎች ናቸው። ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ አየርላንድ ውስጥ አንድ የፈንገስ በሽታ አሹን እያደረቀው ነው፤ አሁን እንጨት ከውጭ ያስገባሉ፣ በቀርከሃና በፕላስቲክም ይሞክራሉ። እኛ ወይራችንን ለከሰልና ለጢስ ጨረስነው። የገና ዱላ የሚቆርጥ ልጅም ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሰፈራችን የእግር ኳስ ቡድን ለክረምቱ ውድድር እየተዘጋጀ ነው። አምና በመጀመሪያው ዙር ወደቅን። ዘንድሮ ኮሚቴው ብር አዋጥቶ አጥቂ ከኮምቦልቻ፣ በረኛ ከወልዲያ ሊያስመጣ ነው። እኔ ከፋኝ፤ ግን ማሸነፍም እንፈልጋለን። ምን ይላሉ?
የኮሚቴ አባል፣ ከሰኞ ገበያ

መልስ፦ አታስመጡ።

በዚህ ጉዳይ ላይ መሀል ሰፋሪ መሆን አልችልም። ክረምት ላይ ሜዳው ዳር ጃንጥላ ይዛ የምትቆም እናት የመጣችው የምታውቀውን ልጅ ለማየት ነው። በብር የመጣው አጥቂ ሦስት ያገባል፣ ብሩን ይቀበላል፣ በዚያው ምሽት በሐረጎ ቁልቁል ይወርዳል። ዋንጫው እናንተ ጋ ይቀራል። የሰፈሩ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ግን ክረምቱን ተቀያሪ ወንበር ላይ ጨረሰ። በሚቀጥለው ዓመት አይመጣም። ስንት ጎበዝ ልጅ እንዲህ ሲቀር በዓይኔ አይቻለሁ።

አየርላንዶች ይህን በሕግ ነው ያሰሩት። ልጅ ሆነህ የተመዘገብክበት ክለብ ክለብህ ነው። ለመቀየር በአብዛኛው መኖሪያህን እንደቀየርክ ማስረዳት አለብህ፤ የሚመለከተው ኮሚቴ ካላጸደቀ አትሰለፍም። የዝውውር ገንዘብ የሚባል ነገር የለም። ችግር የለባቸውም አልልም። በጓሮ በር ለአሠልጣኞች ገንዘብ ይከፈላል እየተባለ በየጊዜው ይወቀሳሉ። ገጠሩ ወጣት ስለሚሰደድበት 15 ሰው ማሟላት ያቃታቸው ክለቦችም አሉ። ያም ሆኖ ዋናው መስመር አልተበጠሰም።

ይህ ማለት ግን «እዚህ ያልተወለደ አይጫወት» ማለት አይደለም። የኮምቦልቻዋን እናት ልጅ እዩት። ኮርክ አልተወለደም፤ እዚያ ስለሚኖር ግን ማሊያ ሰጡት። ጦርነቱ አፈናቅሎት መጥቶ ሰኞ ገበያ ተከራይቶ የሚኖር ልጅ ካለ እሱ የእናንተ ነው። በግል ሄዳችሁ ጥሩት። ሳይጠሩት የማይመጣ ብዙ ነው።

ስለዚህ ስብሰባ ላይ እንዲህ በል። ሰፈራችን ውስጥ ቢያንስ ከጥር ጀምሮ የሚኖር ይመዝገብ። የስም ዝርዝሩ ከውድድሩ ሁለት ሳምንት በፊት ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ቅሬታ ያለው ያኔ ያቅርብ እንጂ ከተሸነፈ በኋላ አይደለም። ለበረኛው ያዋጣችሁትን ብር ለታዳጊዎቹ ኳስና ጫማ አውሉት። የሌሎቹንም ሰፈሮች ኮሚቴ አነጋግሩ፤ ይህን ደንብ ብቻችሁን ብትጠብቁት ሌላው በብር ይበላችኋል፣ ያኔ ሰዎቻችሁ ይሸሿችኋል። አዘጋጆቹን ደግሞ ውድድሩን በሁለት ደረጃ እንዲከፍሉት ጠይቁ። አምና በመጀመሪያው ዙር የወደቀ ሁሉ በሁለተኛው ደረጃ የራሱን ዋንጫ ይጫወት፤ ክረምቱን ሙሉ ጨዋታ ይኖረዋል።

ተጫዋች ልጅ ካነሰባችሁም መላ አለው። ኬሪና ኮርክ ውስጥ ትንንሽ ክለቦች የየራሳቸውን ውድድር እየተጫወቱ፣ ለሲኒየር የካውንቲ ዋንጫ ግን ምርጦቻቸውን አዋህደው አንድ የአካባቢ ቡድን ያሰልፋሉ። እናንተም ከጎረቤት ሰፈር ጋር በአንድ ማሊያ ግቡ። የማሊያውን ቀለምና የቡድኑን ስም ግን አሁኑኑ ተስማሙና ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩት፤ ዋንጫው የት ይቀመጥ የሚለውንም ጭምር።