ጥያቄና መልስ፦ ትል የነካው ተክልና ጃስሞኔት

ጃስሞኔት ተክል ትል ሲበላው ራሱን ለመከላከል የሚያመርተው ሆርሞን ነው፤ በዓይነቱም ቅባት ነው እንላለን።

ጃስሞኔት ከጃስሚን አበባ ጋር ዝምድና አለው?
አዎ። በ1962 እ.ኤ.አ. ከጃስሞኔት ዓይነቶች አንዱ የሆነው ሜቲል ጃስሞኔት መጀመሪያ የተለየው ከጃስሚን ዘይት ነው።

«ሆርሞን ነው ካላችሁ ቅባት የምትሉት ለምንድን ነው?»
ከቅባት ስለሚሠራ። ቅጠል ሲታኘክ ከክሎሮፕላስት (በቅጠሉ ሴል ውስጥ ምግብ ከሚሠራው አረንጓዴ ክፍል) ሽፋን 18 ካርቦን ያለው ሊኖሌኒክ አሲድ ይላቀቃል። ኢንዛይሞች ተቀባብለው 12 ካርቦን ወዳለው ጃስሞኒክ አሲድ ያሳጥሩታል። ይህም አይሶሎይሲን ከተባለው አሚኖ አሲድ ጋር ሲጣመር የመከላከያ ጂኖችን አፍነው የያዙ ፕሮቲኖች እንዲፈርሱ ያደርጋል። ሁሉም በደቂቃዎች ውስጥ ይጀመራል።

ቲማቲማቸውን ትል የበላባቸው አንባቢ በየሳምንቱ አስፕሪን በጥብጠው እንደሚረጩ ጽፈው፣ መጠኑን ልጨምር ወይ ይላሉ።
እባክዎ አይጨምሩ፤ እንዲያውም ያቁሙ። አስፕሪን የሳሊሲሊክ አሲድ ዘመድ ነው። ሳሊሲሊክ አሲድ የሚያገለግለው በሕያው ሴል ላይ የሚመገቡ የበሽታ ተሕዋስያንን ለመከላከል ነው። ትልን የሚመክተው ጃስሞኔት ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጋፋሉ። ከዚህም በላይ አስፕሪን ጃስሞኔትን ከሚሠሩት ኢንዛይሞች አንዱን ያግዳል። ጤናማ ቲማቲም ሲበላ የትሉን የምግብ መፍጫ ኢንዛይም የሚያሰናክል ፕሮቲን ያመርታል፤ ትሉም በልቶ አይፋፋም። እርስዎ ለመርዳት ብለው የሚረጩት ይህንኑ ሊያዳክም ይችላል። ይልቅ ማለዳ ቅጠሉን ገልብጠው እንቁላሉንና ትሉን በእጅ ይልቀሙ። ቅጠሉ በሁለቱ ገጽ መካከል ተቦርቡሮ ከነጣና ፍሬውም ከተበሳ ግን ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ቦርቧሪ ትል ሊሆን ይችላል። ያኔ የተጎዳውን ቅጠል በላስቲክ አሽገው ሳይውሉ ሳያድሩ ለግብርና ባለሙያ ያሳዩ። ይህ ትል ብዙ ፀረ ተባይ ስለለመደ በግምት የተገዛ መድኃኒት ገንዘብም ጊዜም ያባክናል።

«ታዲያ ራሱን ጃስሞኔቱን ብረጨውስ?»
ለሙከራ ከሆነ ይቻላል። 1 ሚሊሞላር የሚባለው የብጥብጥ ጥንካሬ በሊትር 0.22 ግራም ሜቲል ጃስሞኔት ነው። ውሃ ውስጥ በደንብ ስለማይሟሟ አስቀድሞ በጥቂት ኤታኖል ይሟሟል፤ አለዚያ ተንሳፍፎ አንዱን ቅጠል ሲያቃጥል ለሌላው አይደርስም። ያልተረጨውን ማነጻጸሪያ አርቀው ያስቀምጡ፤ በ1990 እ.ኤ.አ. እንደታየው ትነቱ ብቻውን የጎረቤት ቲማቲምን ያነቃል። ለምርት ግን አልመክርም። ተክሉ ለመከላከል ሲል እድገቱን ይገታል፤ ጠላት ሳይኖር ደጋግሞ ማንቃት ምርቱን ማሳነስ ነው።

«ችግኞቼን በየቀኑ እዳብሳቸዋለሁ፤ ለምን አጠሩ?»
ስለሚዳብሷቸው ነው። ተደጋጋሚ ንክኪም ጃስሞኔትን ያስነሳል።