ከመንደር በላይ ያለው ጋራ፦ ካቡን እንዴት እናንብበው?

ጥያቄ፦ ከመንደራችን በላይ ባለው ጋራ ላይ የድንጋይ ካብ፣ ክብ መሠረትና ማንም የማያርሰው አሮጌ እርከን አለ። ሽማግሌዎች «የግራኝ ዘመን ነው» ይላሉ። ዕድሜውን በምን እንለይ? (መምህር፣ ከደላንታ)

መልስ፦ ዓመተ ምሕረቱን ለጊዜው ይተዉትና የትኛው በየትኛው ላይ እንዳረፈ ይመልከቱ። በቤት መሠረት ላይ የወጣ ካብ ከቤቱ በኋላ የመጣ ነው። በካቡ መሀል የተሰበረ ወፍጮ ወይም መጅ ካዩ ድንጋዩ የተለቀመው ከፈረሰ ቤት ነው። ከቦታው ግን አያንሱት።

ገበሬው በየዓመቱ ድንጋይ እየለቀመ ያበጀው እርከን ይጣመማል፣ ከፍታው ይለያያል፣ ከማሳው ወሰንም አያልፍም። ከ1966 እና ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ በምግብ ለሥራ የተካበው ግን የጋራውን ወገብ ይዞ የብዙ ሰው ማሳ አቋርጦ ይሄዳል። የዛሬውን ወሰን እንደ ጥንት ወሰን አይውሰዱት፤ ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ መሬቱ እንደገና ተሸንሽኗል። የባሕር ዛፍ ረድፍም ከምኒልክ ዘመን አይቀድምም።

ክብ ሁሉ ቤት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቤት የበር ክፍተት አለው፤ ከበታቹ አመድና የሸክላ ስባሪ ይገኛል። አውድማ ካብ የለውም፤ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ የተደለደለ ጠፍጣፋ መሬት ነው። ሰፋ ያለ ክብ ሆኖ ውስጡን ሳማ ከወረሰው በረት የነበረ ሳይሆን አይቀርም፤ ሳማ ፍግ የጠገበ አፈር ይወዳል።

ሽማግሌዎችን «ስንት ዓመቱ ነው?» ብለው አይጠይቋቸው። «ከክፉ ቀን (ከ1880ዎቹ ረሃብ) በፊት ነው? ጣሊያን ሲገባ ማን ይኖርበት ነበር? መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ይታረስ ነበር?» ይበሏቸው። በአገራችን ፍርስራሽ ሁሉ ለግራኝ ወይም ለዮዲት ይሰጣል። የሰሙትን በክብር ይመዝግቡት፤ ለዘመን ማስረጃ ግን አይበቃም።

ለሥራው የሚመቸው የመኸር እህል ከተሰበሰበ በኋላ፣ ለበልግ እርሻ ሳይጀመር፣ ታኅሣሥ ላይ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ወይም ማታ 11 ሰዓት ላይ ይውጡ፤ ጥላው ሲረዝም ቀትር ላይ የማይታይ ዝቅተኛ ካብ ሳይቀር ይለያል። የስልክ ቦታ ጠቋሚ (ጂፒኤስ) በበርካታ ሜትር ስለሚሳሳት ቦታውን ብቻ ይያዙበት፣ የመሠረቱን ስፋት በሜትር ገመድ ይለኩ። እንዳይቆፍሩ፤ ያለ ፈቃድ መቆፈር በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ንድፉን ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በቶሎ ያድርሱ፤ ጥር ላይ የተፋሰስ ዘመቻ ሲጀመር ለአዲሱ እርከን ድንጋይ የሚለቀመው ከእነዚሁ አሮጌ ካቦች ነው።