ዋተር ፓምፑ ኦርጅናል ነው ወይ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ አሮጌ መኪና ዋተር ፓምፕ ናቸው፤ አንድ ላይ እመልሳቸዋለሁ። ካልተባለ በቀር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የ1966 ፎርድ ሙስታንግ ገዝቼ እያደስኩ ነው፤ ሞተሩ ባለ ስምንት ሲሊንደሩ 289 ቪ8 ነው። ሦስት ሰዎች «ኦርጅናል» ዋተር ፓምፕ እንሽጥልህ ብለውኛል። አንዱ በካርቶን የታሸገ አዲስ ነው፣ አንዱ ታድሶ ተቀብቷል፣ ሦስተኛው ዝገት በዝገት ነው። የቱን ልመን?

መልስ፦ ከዝገቱ ጀምር። ካርቶን ማንም ያሳትማል፤ ቀለምም ስንት ጉድ ይሸፍናል።

ፓምፑን በነጭ ጋዝና በብሩሽ እጠበው። በአሸዋ አታስነፋው! የምንፈልገው ጽሑፍ አብሮ ይላጣል። ሲደርቅ ጠመኔ እላዩ ላይ እሸበትና ባትሪ ከጎን አብራበት። ብረቱ ቀልጦ ሲፈስ አብረው የወጡ፣ በጣት ሲዳሰሱ ከፍ የሚሉ ፊደሎች ይታዩሃል። እዚያ ቦታ ላይ የመፋቂያ ማሽን አሻራ ካገኘህ ግን ሻጩን ምን እንደጠፋ ጠይቀው።

የመጀመሪያው ጽሑፍ የፎርድ የንድፍ ቁጥር ነው። «ሲ» ብሎ ከጀመረ የ1960ዎቹ ነው፣ «ዲ» ካለ የ1970ዎቹ። ቀጥሎ ያለው አኃዝ ዓመቱ ነው፤ «ሲ5» ማለት 1965። ሦስተኛው ፊደል ዕቃው መጀመሪያ ለየትኛው ሞዴል እንደታሰበ ይናገራል፦ «ዜድ» ለሙስታንግ፣ «ኦ» ለፌርሌን፣ «ኤ» ለትልልቆቹ ፎርዶች። አራተኛው «ኢ» ከሆነ የሞተር ክፍል ነው። ከዚያ 8505 ይከተላል፣ የፓምፑ ገላ ቁጥር ነው። የመለዋወጫ ካታሎግ ሙሉውን ፓምፕ 8501 ብሎ ስለሚጠራው ቁጥሩ አልገጠመም ብለህ እንዳትጥለው። ደግሞም የ1966 መኪና ላይ «ሲ5» ማግኘት ምንም ችግር የለውም። ንድፉ የወጣበት ዓመት ነው እንጂ ብረቱ የፈሰሰበት አይደለም።

ብረቱ የፈሰሰበትን ቀን ሁለተኛው፣ አጭሩ ጽሑፍ ይነግርሃል። «5ኬ12» ቢል 5 ዓመቱ፣ «ኬ» ወሩ፣ 12 ቀኑ ነው። ወሮቹ ከ«ኤ» ጃንዋሪ ብለው ይሄዳሉ፤ «አይ» ከ1 ጋር ስለሚምታታ ተዘሏል። ስለዚህ «ኬ» ኦክቶበር ነው፤ ኦክቶበር 12 ቀን 1965 ማለት ነው። አሁን የሾፌሩን በር ክፈትና ጠርዙ ላይ ያለችውን የብረት ታርጋ አንብብ። እዚያም ቀን አለ። «02ኤል» ቢል መኪናው ሊገጣጠም የታቀደው ኖቬምበር 2 ነው። ፓምፑ ከመኪናው በጥቂት ሳምንታት የሚቀድም ከሆነ እጅህ የገባው ዕቃ ደህና ነው። ከመኪናው በኋላ የፈሰሰ ከሆነ ግን የፎርድ ቢሆንም በኋላ የተቀየረ ነው። ሻጮች ይህንንም «ኦርጅናል» ይሉታል። እኔ አልለውም፤ ዋጋውም እኩል መሆን የለበትም።

5 የሚለው አኃዝ 1975 ቢሆንስ? ጎኑን እይ። ከራዲያተሩ ታች የሚመጣው ጎማ የሚገባበት አፍ በዚህ ሞተር ላይ እስከ 1969 በተሳፋሪው በኩል ነበር፤ ከ1970 ጀምሮ ወደ ሾፌሩ በኩል ዞረ። ማግኔትም አስጠጋበት። የመጀመሪያዎቹ ሙስታንጎች ፓምፕ አሉሚኒየም ነበር፣ ያንተ ዘመን ማግኔት የሚይዘው ጊዛ ብረት ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት፦ የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ፊደልና አኃዙን አብረህ ስትቆጥር አምስተኛው ላይ ያለውን ፊደል አየኸው? «ሲ»፣ «ኤ» ወይም «ኬ» ከሆነ ከፋብሪካ በ289 ወጥቷል። «ቲ» ከሆነ ሲወለድ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነበር። ሞተሩ ራሱ እንግዳ ሆኖ ሳለ ለፓምፑ ቀን መጨነቅ ትርፉ ድካም ነው፤ አዲሱን ገጥመህ ንዳው።

ዝገታሙ ቀኑ ከገጠመልህ ገላውን አስቀር፣ ሆዱን አድስ። ኩሽኔታው፣ ዘንጉና ውሃ እንዳያልፍ የሚዘጋው «ሲል» ይቀየራሉ። ፑሌጃው የሚታሰርበት ማዕከል ከመነቀሉ በፊት ርቀቱን ለክተህ ጻፍ፤ በሚሊሜትሮች ከሳተ ቺንጊያው ተጣሞ ይሮጣል። ከዘንጉ በታች ያለችውን ትንሽ ቀዳዳም አደራ። «ሲል» የተባለው ሲያረጅ ውሃውን ወደ ውጭ የምታወጣው እሷ ናት፤ ፈሰሰ ብለው በአራልዳይት የሚደፍኗት አሉ፤ ያኔ ውሃው ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነው የምጽፍልዎ። የአባቴን ሴይቼንቶ ማስነሳት እፈልጋለሁ። ሊብሬው 1955 ይላል። አንድ ሻጭ «የ1955 ፊያት ኦርጅናል ፓምፕ» አለኝ አለኝ፤ ሌላው ደግሞ «ዛስታቫ» የሚል የተጻፈበት አመጣልኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ 1955ቱ የማን አቆጣጠር እንደሆነ እንወቅ። ሴይቼንቶ፣ ማለትም ፊያት 600፣ የወጣው በ1955 ነው፣ ሞተሩም 633 ሲሲ ነበር። የሊብሬው 1955 የእኛ ከሆነ ግን መኪናው የ1962 ወይም የ1963 ነው። በ1960 የመጣው 600ዲ ነው ማለት ነው፤ ሞተሩ 767 ሲሲ። ሊብሬውን ትተሽ ሞተሩ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢ፦ «100ዲ» ብሎ ከጀመረ 767ቱ ነው። ለዚያ ሞተር የሚሆን ፓምፕ ፈልጊ፣ ለዓመተ ምሕረቱ አይደለም።

ዛስታቫ የሚለውን አትናቂው። ዩጎዝላቪያ ውስጥ በፊያት ፈቃድ ይሠራ የነበረ ነው፤ ስፔን ውስጥም ሴአት እንዲሁ ይሠራው ነበር። መኪናሽ የቱሪን ልጅ ከሆነች ለኤግዚቢሽን ኦርጅናል አይባልም፤ ሶማሌ ተራ ደርሶ ለመመለስ ግን ከስም የለሹ ቅጂ እሱን እመርጣለሁ። ቺንኮቼንቶ ፓምፕ ልሽጥልሽ የሚል ቢመጣ ግን ሳቂበት። የዚያ ዘመኑ ፊያት 500 እንደ ድሮው ቮልስ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ ዋተር ፓምፕ የሚባል ነገር የለውም።

ጥያቄ፦ ፔዦ 404 አለኝ። ቬንትሌተሩ አንዳንዴ ከሞተሩ ጋር ይዞራል፣ አንዳንዴ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። ሜካኒኬ «ፓምፑ ኦርጅናል አይደለም፣ ላልቷል» ብሎ ፈትቶታል፤ ሌላ ሊገጥም ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያስቁሙት! የነገሩኝ ነገር ፓምፑ ኦርጅናል ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ፔዦ የ404ን ቬንትሌተር የሠራው ሁልጊዜ እንዳይዞር አድርጎ ነው። ቬንትሌተሩ የሚቀመጥበት የፓምፑ ፑሌጃ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማግኔት አለ። ውሃው ሲሞቅ ራዲያተሩ ላይ ያለው ቴርሞ ስዊች መብራት ይለቅለታል፤ ማግኔቱ ቬንትሌተሩን ይስብና አብሮት ይዞራል። ሲቀዘቅዝ ይለቀዋል። ነዳጅም ይቆጥባል፣ ጩኸትም ይቀንሳል።

እንግዲህ ቀጥ ያለ፣ ማግኔት የሌለው ፑሌጃ ያለበት ፓምፕ ቢመጣልዎ የእርስዎ መኪና ዓይነት አይደለም፤ አይውሰዱት። የራስዎን መልሰው ያስገጥሙና ለማግኔቱ መብራት የምታቀብለውን ካርቦን ያሳዩ፤ አልቃ ይሆናል። ሞተሩ ጠፍቶ ከባትሪው 12 ቮልት በሽቦ በቀጥታ ይስጧት። «ቀጭ» ብሎ ከሳበ ማግኔቱ ደህና ነው፤ ያኔ ጥፋቱን ስዊቹና ሽቦው ላይ ይፈልጉ። ካልሳበ ካርቦኗን ይቀይሩ፣ በማግኔቱና በቬንትሌተሩ መካከል ያለውንም ክፍተት ያስለኩ። ደግሞ ሜካኒኩ አሮጌውን ለቆራሌው ሰጥቶት እንዳይሆን ዛሬውኑ ይደውሉለት።